የሐሙሱ ገጽ

መስከረም 3፣ ቅዳሜ። ምሳ ሰዓት፣ ክሊኒክ።

ሃያ ሦስት ስላይድ። ዘጠኙ ወባ። ከዘጠኙ ሰባቱ ከሁምቦ የመጡ። የማይክሮስኮፑ መብራት እንደገና ይርገበገባል። ነግሬያለሁ፣ ሰምተዋል፣ አልተሠራም።

ደብተሬ፣ አምስተኛው ዙር ትናንት ከሥራ በኋላ አለቀ። አሸነፍኩ። ተጋጣሚዬ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ስልኩን እያሰበ ንግሥቱን ረሳ። ጋሼ ጴጥሮስም አሸነፉ። እኩል ነጥብ ነን። የመጨረሻው ዙር የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፤ እኔና እሳቸው፣ ነጭ የእኔ። ያሸነፈ ዞኑን ወክሎ ለክልሉ ውድድር አርባ ምንጭ ይሄዳል። አንድ ሰው ብቻ።

ጋሼ ጴጥሮስ (ከዚህ በኋላ ጋ.ጴ.፤ እጄን ልቆጥብ) ቼዝ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብም እሳቸው ነበሩ። ሶዶ ውስጥ ፈረስ እንዴት እንደምትዘል የሚያውቅ ሁሉ ከሳቸው ወይም እሳቸው ካስተማሩት ሰው ነው የተማረው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። አንደኛው ሦስቱንም ጊዜ ጋ.ጴ. ናቸው። ዘንድሮ ጡረታ ወጡ፤ ይህ የመጨረሻ ውድድሬ ነው ብለዋል። እንግዲህ ቅዳሜ ካላሸነፍኳቸው መቼም አላሸንፋቸውም።

ሃያ አራተኛው ስላይድ መጣ።

መስከረም 5፣ ሰኞ። ጠዋት 12 ሰዓት።

የዳሞታ ተራራ አይታይም፤ ጭጋግ። ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት አለኝ። ሰሌዳው አልጋዬ ላይ ነው።

ጋ.ጴ. በጥቁር ሲጫወቱ ያላቸው መክፈቻ አንድ ብቻ ነው፤ የፈረንሳይ መከላከያ። ሠላሳ ዓመት። ነጭ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ሲገፋ እሳቸው አንድ ቤት ብቻ ይገፋሉ። በሩን ገርበብ አድርጎ እንግዳ እንደሚያናግር ሰው። ከዚያ ይጠብቃሉ። መጠበቅ አይሰለቻቸውም።

ዕቅዴ፦ በሦስተኛው ርምጃ ወታደሬን አሻግሬ ኢ5 የሚባለው ቤት ላይ አቆማታለሁ። የሳቸው ፈረስ የሚወጣበትን ቤት ትዘጋለች። ቀጥሎ መሃል ሰሌዳ ላይ ያለችውን ሌላዋን ወታደር የረሳኋት መስዬ እተዋታለሁ። ቸኩሎ የበላት ሰው ንግሥቱን ያጣል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ጋ.ጴ. አይቸኩሉም። ወጥመዱን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። መጀመሪያ በጳጳሳቸው ቀዳዳውን ይደፍናሉ፣ ከዚያ ተረጋግተው ይበሏታል። ይብሏት። በአንድ ወታደር ምትክ የማገኘው የሳቸውን ሰዓት ነው። እያንዳንዱን ጥቃት ሲመልሱ ያስባሉ፤ ሲያስቡ ሰዓት ይሄዳል።

የተጋጣሚ ድክመት፣ እንደ ላብራቶሪ ውጤት፦ ሰዓት። ለእያንዳንዳችን አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚሰጠን። ሦስት ሰዓት ላይ ከተጀመረ አምስት ተኩል ገደማ ጋ.ጴ. የሚቀራቸው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያኔ ድምፅ አይችሉም። አምና እንዲያ ተጣበው ሳሉ በር ተንኳኳ፣ ቀና አሉ፣ ያሸነፉትን ጨዋታ በአቻ ጨረሱ። ትልቅ ሰው ሲገባ ደግሞ ይነሣሉ። አስተዳደጋቸው ነው።

ሌላ ድክመት አልተገኘም።

መስከረም 7፣ ረቡዕ። ከሥራ በኋላ።

ቤት ውስጥ የጊፋታ ወሬ ብቻ ነው። አዲሱ ዓመታችን እሁድ በ18 ይገባል፤ ቅቤው፣ ዳጣው፣ ከማን ጋር በሬ እንደምንካፈል። ዋናው ግን ዕርቅ ነው። ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። አባቴ አሥራ አንድ ጊዜ ተሻግሯል።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ መጡ። ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ግን አንድ ቀን ሌላ ሰው ቢያነብሽ ብዬ ልድገመው። ታላቅ ወንድሜ ሳሙኤል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ተገኘ። ያገኙት ፈታኙ ጋ.ጴ. ናቸው። ጎረቤታችን፣ በገበታችን የበሉ ሰው። ጻፉበት፤ ሳሙኤል አንድ ዓመት ተቀጣ። አባቴ ወረቀቱን ቀምቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት አለ። ጋ.ጴ. አይቻለሁ፣ ያየሁትን አላየሁም አልልም አሉ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ለቅሶ ላይ እጃቸውን ዘረጉለት። ሁለቱንም ጊዜ አባቴ እጁን ኪሱ ከተተ። አጠገቡ ነበርኩ፤ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሳሙኤል ራሱ ረስቶታል። በዴሳ ከተማ እህል ይነግዳል፣ ወፍሯል፣ ጋ.ጴ.ን ሲያይ ከሞተር ወርዶ ሰላም ይላል።

አባቴ ዘንድሮ እሺ አለ። ጉልበቱ ደክሞ ነው መሰለኝ፤ በዚህ ክረምት ለቀብር ሦስት ጊዜ ወጥቷል። ዕርቁ እሁድ በ11፣ ከቸርች በኋላ፣ ጋ.ጴ. ቤት እንዲሆን ተቆረጠ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አንዱ የጋ.ጴ.ን ነገር አስታወሰና ሳቁ። ተማሪ የቤት ሥራ ሠርቼ ነበር፣ ግን እንዲህ ሆነና፣ ሲል መልሳቸው አንድ ነበር፦ «አትንገረኝ፤ ወረቀቱን አሳየኝ።» እኔንም ብለውኛል። ወረቀት አልነበረኝም።

መስከረም 8፣ ሐሙስ። ጠዋት።

ዝናብ። ባጃጅ የለም፣ በእግር ሄድኩ።

ከመውጣቴ በፊት አባቴ ጠየቀኝ፤ ሰውዬው ቅዳሜ የት ይገኛል? እሁድን መጠበቅ ከብዶታል። ቤቱ ሄጄ እጄን ብዘረጋና እሱም በተራው ቢከለክለኝስ ብሎ ፈርቷል። ሰው ባለበት ከሆነ አይከለክለኝም ይላል። የውድድሩን አዳራሽ ነገርኩት። በስንት ሰዓት ልምጣ አለ። አምስት ሰዓት ተኩል አልኩት። ጫማውን እንድጠርግለት አዘዘኝ። ጠረግኩ።

አሥራ አምስት ስላይድ። አራት ወባ።

መስከረም 9፣ ዓርብ። ምሳ ሰዓት።



መናኸሪያው ጋ ጋ.ጴ.ን አገኘኋቸው። ጃንጥላቸው አንድ ጎኑ ተሰብሯል፤ በደህናው በኩል እኔን አስጠለሉኝና እሳቸው ረጠቡ። ዓይንሽ እንዴት ነው፣ ማይክሮስኮፑ አላደከመሽም፣ አሉኝ። ስለ ነገው አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ ቁርስ ብዪ። ባዶ ሆድ አራት ሰዓት ላይ ጠላት ይሆናል። በፊት ሁላችንንም እንዲህ ይሉን ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ለልምምድ ስንመጣ ከቤታቸው የተቀቀለ ቦዬ በፌስታል ይዘው።

አባቴ ነገ እንደሚመጣ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባጃጅ መጣ።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 9 ሰዓት።

አሸነፍኩ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

3፡00። አዳራሹ ይበርዳል። ስምንት ጠረጴዛ፤ የእኛ መስኮቱ ሥር። ዳኛው ታምራት ነው፤ የስፖርት መምህር፣ ፊሽካው ባይኖርም ገመዱ አንገቱ ላይ አለ። ጋ.ጴ. ሹራብ፣ በላዩ ኮት፣ በላዩ ጋቢ። ቁርስ በላሽ? በላሁ። ተጨባበጥን፣ ሰዓቴን አስነሡ።

ኢ4 አልኩ። ኢ6 አሉ። ሠላሳ ዓመት። በሦስተኛው ርምጃ ወታደሬን ኢ5 አደረስኳት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ደስ ሲላቸው ነው እንዲህ የሚያደርጉት። በስድስተኛው ማጥመጃዋን ተውኩላቸው። ወታደሯን አዩ። እኔን አዩ። ከንፈራቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ጳጳሳቸውን አንድ ቤት አስወጥተው ቀዳዳውን ደፈኑ። እኔ ንጉሤን ጥግ አስገባሁ፣ እሳቸው በሉ። አንድ ወታደር ጎደልኩ። እስከዚህ እንዳሰብኩት።

አራት ሰዓት። አጠቃሁ። ሁሉንም መለሱ። ለአንዷ ርምጃ ብቻ አሥራ ሁለት ደቂቃ አሰቡ፤ ቆጥሬያለሁ። ንግሥቶቹ ተበላሉ፣ ፈረሶቹ፣ ጳጳሶቹ። መሃሉ ባዶ ሆነ፤ የዲ መስመር ከላይ እስከ ታች ክፍት ነው። ለእኔ አንድ ግንብ፣ ለሳቸው አንድ ግንብ፤ ትርፉ ወታደር የሳቸው። ኢ5 ላይ ያለችው ወታደሬ ከሦስተኛው ርምጃ ጀምሮ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ጥሩ ተጫውቻለሁ ደብተሬ። እሳቸው ግን የተሻለ ተጫውተዋል።

5፡30። የእኔ ሰዓት 26 ደቂቃ፣ የሳቸው 4።

ግንባቸውን አነሡ። ዲ8 ላይ የነበረችውን። መድረሻዋን አውቀዋለሁ፤ ቁልቁል እስከ ዲ2፣ ከወታደሮቼ ጀርባ። እዚያ ከገባች አለቀልኝ። እጃቸው በአየር ላይ ነበር።

በሩ ተከፈተ። አባቴ። ጫማው ያበራል፤ ባርኔጣው በግራ እጁ። ታምራት ብድግ ሲል እሱ ጠረጴዛዎቹን አልፎ ነበር። ጋ.ጴ. ቀና አሉ። አባቴ ቀኝ እጁን ዘረጋ። አሥራ አንድ ዓመት ኪስ ውስጥ የከረመውን እጅ።

ጋ.ጴ. ተነሡ። ግንቧን አስቀመጧት። ሰሌዳውን አላዩም፤ ሰው እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ቅርብ ያገኘው ቦታ ላይ እንደሚያኖረው አኖሯት። የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ሽማግሌ በአንድ እጅ ዕቃ ተይዞ አይጨበጥም። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። አባቴ «ሳሮ» አለ። ጋ.ጴ. «ሳሮ፣ ሳሮ» አሉ፤ ሰላም ነው፣ ሰላም ነው። በስምንቱም ጠረጴዛ ያለው ሰው ቆሞ ያያል። አንዷ ታለቅሳለች።

እኔ ሰሌዳውን ነበር የማየው። ግንቧ ዲ6 ላይ ናት። ወታደር በሰያፍ ነው የምትበላው፤ ዲ6 ኢ5 ላይ ላለችው ወታደሬ አፏ ውስጥ ነው።

የጋ.ጴ. ሰዓት ይሮጣል። ሦስት ደቂቃ። ሁለት ተኩል። ታምራት መጣ። ተመልካች ተጫዋችን ማናገር ክልክል ነው፤ ማስቆም የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ሁለታችሁ ከተስማማችሁ ግንቧ ወደ እጃቸው ትመለስ፣ አለ። ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቃል ነበር የሚጠብቀው። ሰሌዳውን ማየቴን ቀጠልኩ።

ጋ.ጴ. ዓይናቸውን በጋቢ ጫፍ ጠረጉ። ሰሌዳውን ያኔ ነው ያዩት። «ለቅቄያታለሁ ታምራት። የተለቀቀ ቆሟል» አሉ። ሰዓቱን ተጫኑ።

በላኋት።

እሳቸው ሰዓቱን አቁመው የውጤቱ ወረቀት ላይ ፈረሙ። እጃቸውን ሰጡኝ፤ ከአባቴ እጅ የያዘው ሙቀት ገና አልበረደም። አባቴ ቼዝ የሚባል ነገር አያውቅም፤ አሁንም ጎናችን ቆሟል። «አለቀች እንዴ ጨዋታዋ? ማን አሸነፈ?» አለ። ጋ.ጴ. ልጅህ አሉት። አባቴ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እግዚአብሔር በአንድ ቀን ሁለት ነገር ሰጠኝ አለ።

ደስ አለኝ ወይ? ውጤቱ ገና አልወጣም።

መስከረም 11፣ እሁድ። ከሰዓት።

ጋ.ጴ. ቤት ዋልን። ለዕርቁ የተቆረጠው ቀን አልተሰረዘም፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ ብቻ። አባቴና ጋ.ጴ. አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት የጉልበት ወሬ ተጠራቅሞ ኖሯል።

አባቴ ለገባ ለወጣው ሁሉ ይናገራል። ሰዓቱን የነገረችኝ እሷ ናት፤ እዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት ያለችኝ እሷ ናት። ልጅ ማለት እንዲህ ነው። ሴቶቹ ግንባሬን ሳሙኝ። አንዷ አስታራቂ ብፅዕት ናት አለችኝ።

ጋ.ጴ. ሥጋ እየቆረጡ ነበር። ቢላዋው ትንሽ ቆመ። አዩኝ። ከዚያ ጎረድ አድርገው ያወጡትን በዳጣ ነክረው አጎረሱኝ። ተባረኪ አሉ።

ዳጣው አቃጠለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሰበቡ ዳጣው ሆነ።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ። ምሳ ሰዓት፣ ክሊኒክ።

ሠላሳ አንድ ስላይድ። ዶክተሯ ለአርባ ምንጩ አራት ቀን ፈቃድ ፈርማልኛለች። የሥራ ባልደረቦቼ በር ላይ ስሜን ለጥፈዋል፤ ከስሜ ጎን ፈረስ ሥለዋል፤ ፈረሱ ውሻ ይመስላል።

ትናንት ጨዋታውን መልሼ ደረደርኩት። ግንቧን ዲ2 ላይ አኖርኩ። አንዴ ራሴን ሆኜ፣ አንዴ ጋ.ጴ.ን ሆኜ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ። አምስቱንም ተሸነፍኩ። ሰዓት ባይበቃቸውስ አልኩ። እሳቸው ያንን ዓይነት ጨዋታ በሁለት ደቂቃ ይጨርሱታል፤ ሲጨርሱ አይቻለሁ።

አሁን ጋ.ጴ. መጥተው ሄዱ። የታመሙ መስሎኝ ካርድ ልጽፍ ስነሣ፣ አይደለም ብለው ከኮታቸው ውስጥ ደብተር አወጡ። ጠንካራ ሽፋን፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ። የፈረንሳይ መከላከያ። ሠላሳ ዓመት የተጫወቱት ሁሉ፣ በዚያ በጥቁር ሰሌዳ በምናውቀው ቀጥ ያለ ጽሕፈታቸው። የተሸነፉበት በቀይ። አርባ ምንጭ ላይ ጥቁር ሲደርስሽ ያስፈልግሻል አሉ። እኔ ከእንግዲህ በሩ ላይ አልቆምም፣ አሉ።

የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። የቅዳሜው ጨዋታ ነው። ዲ6 በቀይ። ከጎኑ በትንሹ እንዲህ ተጽፏል፦ «አይቆጨኝም።»

አመሰገንኩ። ሌላ ነገር ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ ነርሷ ጠራችኝ። ደብተሬ፣ ሰው ሊያመልጥ ሲፈልግ ባጃጅም ነርስም በሰዓቱ ይመጣል።

መስከረም 15፣ ሐሙስ። ጠዋት 12 ሰዓት።

አንቺን ወደ ኋላ ገለጥኩሽ።

መጀመሪያ የፈለግኩት የመክፈቻ ማስታወሻዬን ነበር። ሰኞ፣ በ5። አገኘሁት፦ አምስት ተኩል ገደማ ጋ.ጴ. የሚቀራቸው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያኔ ድምፅ አይችሉም። ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሣሉ። የእኔ እጅ፣ የእኔ ቀለም።

ሁለት ገጽ አለፍኩ። ሐሙስ፣ በ8። አምስት ሰዓት ተኩል አልኩት።

ለምን ሦስት ሰዓት አላልኩም? ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁላችንም በር ላይ ቆመን ነበር። ለምን ስድስት ሰዓት አላልኩም? ስድስት ላይ ያልቃል፤ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ሰዓት የማውቅ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ የደም ጠብታ በስንት ደቂቃ እንደሚደርቅ ማወቅ ነው። አባቴ ስንት ሰዓት ሲለኝ አላሰብኩም፣ ከአፌ ወጣ፣ ብዬ ራሴን ሳግባባ ሰንብቻለሁ። ከአፌ የወጣው ሰኞ ጠዋት የጻፍኩት ሰዓት ነው።

ግንቧን ዲ6 ላይ ያኖራሉ ብዬ አላሰብኩም። ያን ያህል ብልጥ አይደለሁም። ቀና እንዲሉ ብቻ ነበር የፈለግኩት። አንዴ ቀና እንዲሉ፣ አንድ ደቂቃ እንዲያጡ። ለዚህም የአባቴን ዕርቅ ተጠቀምኩ። እሱ እንቅልፍ አጥቶ፣ እጄን ቢከለክለኝስ ብሎ እየፈራ፣ በእኔ የተጠረገ ጫማ አድርጎ መጣ። እኔ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ላክሁት።

ታምራት ሲያየኝ ደግሞ ዝም አልኩ። ዝምታዬ እንኳ በዕቅድ አይደለም፤ ያንን ፊት ለፊት አደረግኩት።

አፍራለሁ። በቃ፣ ሌላ ስም የለውም። ሌላ ስላይድ ቢሆን ደግሜ አየው ነበር፤ ይኼ ግን ያለ ማይክሮስኮፕም ይታያል።

ጋ.ጴ. የወንድሜን ወረቀት ባገኙ ጊዜ ማንም አላያቸውም ነበር። ቅዳሜ ግንቧን ሲለቅቁም ታምራት ሊመልስላቸው ቆሞ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የጎዳቸውን ራሳቸው ተናገሩ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በልቤ የአባቴን ወገን ይዤ ኖሬያለሁ። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት ስል።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ። ጠዋት 4 ሰዓት።

መስቀል ነው፤ ክሊኒኩ ግማሽ ቀን እንኳ አይሠራም። የትናንቱ ደመራ አመድ መንገዱ ላይ ረጥቧል። ነገ ጊፋታ። ግቢው ውስጥ ቢላዋ ይሳላል፣ ሳሙኤል ከበዴሳ ገብቷል፣ በሬው እናቴ የተከለችውን ጎመን በልቶ ጠብ ተነሥቷል።

ቁርስ ላይ አባቴን እንዲያው እንደ ወሬ ጠየቅኩት። የተበደለው ሰው መበደሉን ካላወቀ ዕርቅ አለ ወይ? አባቴ የለም አለ። ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚናገረው በዳይ ነው፤ ያደረገውን በስሙ ይጠራል። ያላወቀ ሰው ምኑን ይቅር ይላል? ከዚያ ማነው ብሎ አየኝ። ቼዝ ነው አልኩት። ቼዝስ እኔ አላውቅም አለና ወደ በሬው ሄደ።

ለታምራት ደወልኩ። ስሜን ሰኞ ለክልል ሊልክ ነበር። እንዳትልክ፣ ጋሼ ጴጥሮስን እስካናግር ጠብቅ አልኩት። ታመምሽ እንዴ አለ። አይ፣ ደህና ነኝ። የሚሄደው ማን እንደሆነ እሳቸው ይበሉ። እንደገና እንጫወት ካሉ እጫወታለሁ፤ ጥቁር ይዤ። ራሴ ልሂድ ካሉ ቁርስ ይብሉ እላቸዋለሁ።

ቤታቸው በእግር አሥር ደቂቃ ነው። መንገዱን በልቤ ሦስት ጊዜ ሄጄዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ በራቸው ላይ ቆሜ፣ ጋሼ፣ እንዲህ ሆነና፣ ብዬ ጀመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ መልሳቸውን ሰማሁት።

አልነግራቸውም። ወረቀቱን አሳያቸዋለሁ።

ሁለት ገጽ ነው፤ የሰኞውና የሐሙሱ። የሐሙሱ ጀርባ ላይ ዓርብ አለ፤ የተሰበረው ጃንጥላ፣ ቁርስ ብዪ ያሉኝ፣ አፌ ላይ ደርሶ ያልወጣው። እሱም አብሮ ይሂድ፣ ያንብቡት። የሳቸውን ደብተርም ይዣለሁ። ካላስቀሩት ይዤው እመለሳለሁ።

ደብተሬ፣ ስትቀደጂ ድምፅ ይኖረዋል፤ ሳሙኤል ግቢ ውስጥ ነው፣ ይስማ። ጫማዬን አድርጌያለሁ። አሁን የሐሙሱን